ወፍጮው ሲቆም

ነጃት የቀኝ እጇን ሌባ ጣት ጫፍ ያጣችው ሐሙስ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ጥፋቱ የራሷ ነው። ቢላዎቹ የተሳሉ ነበሩ፣ ኩሽኔታዎቹ በቂ ግራሶ ነበራቸው፣ ጣውላው የደረቀ ዋንዛ ነበር። እሷ ግን ገና በመሽከርከር ላይ ያለ ዘንግ በእንጨት ቁራጭ ተጭና ልታቆም ሞከረች። ዘንጉ እንጨቱን ወርውሮ ጣቷን ወሰደ።

የሰውን አደጋ ቀድሞ የሚለካው ቁጥር ይህን ከሦስት ዓመት በፊት ተናግሯል። «የቀኝ እጅ ጣቶች፤ ዕድሜዋ ሃምሳ ሳይሞላ» ነው ያለው። ነጃት አርባ ስድስት ዓመቷ ነው።

ያን ጊዜ ጅማ ውስጥ አንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ የመጋዝ ሠራተኛ ነበረች። ሃያ አንድ ዓመት ስትሠራ አንድ ቀን እንኳ ጭረት አልደረሰባትም። አንድ ሰኞ ጠዋት እጇን መጋዙ ላይ ስታሳርፍ መጋዙ አልነሳም። ጎኑ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት «ነጃት፣ ይቅርታ» የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ ከሥሩ ደግሞ ቁጥሩ፣ ሃምሳ ሁለት። ቁጥሩ ከሃምሳ ያለፈ ሰው ማሽን አያስነሳም። አለቃዋ ሃምሳ ሁለት ከየት እንደመጣ አያውቅም ነበር፤ የሚያውቅ ሰው ይኑር አይኑርም አያውቅም። «እስካሁን እኮ ምንም አልሆንኩም» ብትለው «ታዲያ ለዚህ አይደል ቀድሞ የነገረሽ» አላት። በዚያው ቀን ሽርጧን አስረክባ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ቤቷም እንደ ፋብሪካው ሆነባት። ምድጃው በእሷ እጅ አይበራም። ልጇ ሲትራ ጠዋት ታበራላታለች፤ ሲትራ ከግቢው በወጣች በሩብ ሰዓት ግን ምድጃው ራሱን ያጠፋል፤ ስለዚህ የነጃት ምሳ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። የልብስ ማጠቢያው በሩን አይከፍትላትም። መቀስ ለመግዛት ልጇን ይዛ መሄድ አለባት፤ ባለሱቁ ሂሳቡን ከነጃት ይቀበልና መቀሱን ለሲትራ ይሰጣል። አውቶቡስ ውስጥ የተመደበላት ወንበር ከኋላ ነው፣ ከመስኮቱ ራቅ ያለው። የሕዝብ በሮች ለእሷ ሲሆን ቀስ ብለው ተከፍተው ቀስ ብለው ይዘጋሉ፤ ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ያኔ ቁጥሯን ይገምታል። ሰው ሁሉን ይለምዳል ይባላል። ነጃት አልለመደችም።

ማሽኑን ያገኘችው ከቁራሌው ነው። በአንድ ገበታ ላይ መጋዝም መላጊያም መብሻም የያዘ፣ አናጢዎች ኮምባይን የሚሉት ዓይነት ነበር፤ ከአያቷ ዘመን የቀረ፣ ድፍን ብረት። ጆሮ የለውም። ማን እንደነካው አይጠይቅም፣ ለማንም አይናገርም፤ ቁልፉን የጫነው ሁሉ ያስነሳዋል። በስድሳ ሁለት ዓ.ም. ጆሮ የሌላቸው ማሽኖች ሲከለከሉ ሰው ሁሉ አውጥቶ በኪሎ ሸጧቸው ነበር። ቁራሌው ፈታትቶ፣ በስምንት ወር ውስጥ፣ ከከሰል ማዳበሪያ ሥር እየደበቀ በጋሪ አመጣላት። ያኖረችው ቤቷ ጀርባ ባለው ዶሮ ቤት ውስጥ ነው፤ በከተማው ካርታ ላይ ዛሬም ዶሮ ቤት ነው። ለይምሰል ሦስት ዶሮዎች ከበሩ ፊት ይለቅማሉ።

ገበታው ሲመጣ ዝገት የበላው ነበር። በጋዝ አርሳ፣ በጡብ ፈግፍጋ፣ በብርጭቆ ወረቀት ጨርሳ ፊቷን እስኪያሳያት ድረስ አጠራችው። ኩሽኔታዎቹን ከተጣለ የልብስ ማጠቢያ አወጣች። ሞተሩን ራሷ ጠቀለለችው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ተቃጠለ፣ በሁለተኛው ያዘ። ቺንጋው ከጎረቤቷ ከአባ ፎጊ ወፍጮ የወለቀ አሮጌ ቺንጋ ነው፤ አሳጥራ ሰፋችው። አንድ ነገር ብቻ ከመነሻውም አልነበረውም፤ የቢላዎቹ ክዳን። ነጃት ከላሜራ ለክታ ቆረጠችው፣ አጠፈችው፣ ከዚያ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ሁለት ብሎን ጎደለው። ሁለት ብሎን ለመግዛት መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ሲትራ ትገዛለች ብላ ተወችው። ይህ ከሆነ አምስት ወር አልፎታል።

የቀረው ነገር ድምፁ ነበር። በየመንገዱ ጥግ የቆሙት ምሰሶዎች ሁሉንም ማሽን በድምፁ ይለያሉ፤ የማያውቁትን ሲሰሙ ሰው ይልካሉ። የአባ ፎጊን ወፍጮ ያውቁታል፣ ፈቃድ አለው። ስለዚህ ነጃት የምትሠራው ወፍጮው ሲሠራ ነው። ኤሌክትሪኩንም የምታገኘው ከዚያው ነው፤ ከወፍጮው ማብሪያ የተቀጠለ ሽቦ በአጥሩ ሥር አልፎ ዶሮ ቤቱ ይገባል። ወፍጮው ሲነሳ የእሷም መስመር ይነሳል፣ ሲቆም አብሮ ይቆማል። ስምምነታቸው አጭር ነበር፤ እንግዳ ሰው ወደ ነጃት ቤት ሲያመራ ካዩ አባ ፎጊ ወፍጮውን ያቆማሉ። ጥሬ ያመጡት ሰዎች ስለሚያጉረመርሙ ከግማሽ ሰዓት በላይ ማቆም ግን አይችሉም።

«እኔ ምን አገባኝ ብዬ ነው ይሄን የማደርገው?» ብለዋት ነበር አንድ ቀን፣ የሠራችላቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው።

«ለበርጩማው ነዋ።»

«በርጩማውማ ያንገዳግዳል።»

«መሬትዎ ነው የሚያንገዳግደው አባ ፎጊ። በርጩማው ሦስት እግር ነው፤ ሦስት እግር አያንገዳግድም።»

ሽማግሌው ሳቁ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ቁጥራቸው አስራ ሁለት ነው። «ወፍጮው እኔን ያልበላኝ ስጋ ስለሌለኝ ነው» ይላሉ። ለምን እንደሚረዷት ነጃት ታውቃለች። ሚስታቸው ፋጡማ ወጥታለች።

የሰው ቁጥር አለ፣ የቤትም ቁጥር አለ። በአንድ ቤት ውስጥ ሰው ከተጎዳ በቤቱ ቁጥር ላይ አምስት ይጨመራል። ቁጥሩን ያከበደው ሰው ከቤቱ ከወጣ ደግሞ ይቀንሳል። አወጣጡ ቀላል ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ስሙን ጠርቶ «ወጥቻለሁ» ይላል። ያ በር ከዚያ በኋላ አይከፈትለትም። ፋጡማ ወፍጮ ቤት ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ ሦስተኛ ብትወድቅ የወፍጮው ፈቃድ ይነሳ ነበር። አንድ ጠዋት ሻሿን አስራ ወጣች። ከከተማው ዳር፣ ከእንጨት መጋዘኖቹ ጀርባ፣ እንደ እሷ የወጡ ሰዎች ሰፈር አለ። አባ ፎጊ አርብ አርብ ዱቄት ይወስዱላታል።

የነጃት ቤት ቁጥር ሃያ ስምንት ነው። ሲትራ፣ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ሁለት ዓመት ተምራ ደረቅ ወደቡ ላይ ክሬን ነጂ ሆና ተመድባለች። ሥራዋን የምትጀምረው ሰኞ ነው። ክሬን ላይ የሚቀመጥ ሰው ከሠላሳ በላይ ከሆነ ቤት መምጣት የለበትም። ለዚህ ማረጋገጫ ለኪ የሚባለው ሰውዬ ቅዳሜ ይመጣል ተብሎ ነበር።

ሐሙስ መጣ።

ነጃት ያን ጊዜ የመጨረሻውን ጣውላ እየላገች ነበር። ወፍጮው ቆመ። ሞተሯም አብሮ ቆመ። ዘንጉ ግን አልቆመም። ኩሽኔታዎቹን አሳምራ ስለገጠመቻቸው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ዘንጉ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ይሽከረከራል፤ በሰዓት ለክታዋለች፣ ኮርታበታለችም። አሁን ያ ድምፅ፣ ቀጭን ፉጨት፣ በጸጥታው ውስጥ ብቻውን ቀረ። ምሰሶው ከአጥሩ አስራ አምስት እርምጃ ነው። ነጃት ከሥሯ የእንጨት ቁራጭ አነሳችና ዘንጉ ላይ ተጫነችው።

መጀመሪያ አላመማትም። የሆነ ነገር እጇን በጥፊ የመታት ነው የመሰላት። ዘንጉ ቆመ። እጇን አየች፤ ከጥፍሩ ጀምሮ ያለው የለም። ፈልጋ አላገኘችውም፣ ብዙም አልፈለገችው፤ ሰጋቱራው ጉልበት ድረስ ነበር። በሽርጧ ጠምጥማ ጨብጣው ወጣች።

ሲትራ ማዕድ ቤት ቆማ መመሪያዋን ታነባለች።

«ጨርቅ ስጪኝ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ጥቁር ጨርቅ። ቶሎ በይ።»

ሲትራ ሽርጡን አየች፣ ቀለሙንም አየች። መመሪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። «ኡሚ፣ ስንቱ ነው የሄደው?»

«ጫፉ ነው።»

«የት አለ?»

«እሱን ተይው፣ የለም። አባ ፎጊ ወፍጮውን አቁመዋል፤ ሰው እየመጣ ነው።»

«ማን?»

«ማን ይሆናል?»

«ቅዳሜ አይደል እንዴ!» ሲትራ ሳታመነታ ጥቁር ሻሽ ቀደደች። ጠምጥማ ስታጠብቀው ነጃት ከንፈሯን ነከሰች። «ክዳኑን አልገጠምሽውም አይደል? አንድ ነገር በይኝ። ገጥመሽው ነበር?»

«ብሎኑን አላመጣሽልኝም።»

«እኔ ነኛ ጥፋተኛ!»

«አላልኩም።»

«ቁጥሩ ልክ ነበር ማለት ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትሰድቢው ከርመሽ።»

«ቁጥሩ ፋብሪካው ውስጥ ቢተወኝ ኖሮ ዛሬ የምሠራው ክዳን ያለው መጋዝ ላይ ነበር።»

«እሱን ለበሩ ንገሪው» አለች ሲትራ። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ሐኪም ቤት ካልሄድሽ ይመረቅዛል። ከሄድሽ ደግሞ ይመዘገባል።»

«ከሰኞ በኋላ እሄዳለሁ።»

«ሰኞ ድረስ በጨርቅ?»

ከውጭ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ነጃት ረጅሙን ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጥላ ቀኝ እጇን ከሥሩ ከተተች። ያኔ ነው ትዝ ያላት። ቀዩን ቁልፍ ተጭናዋለች? ሞተሩ የጠፋው ወፍጮው ስለቆመ ነው። ቁልፉን ካላጠፋችው፣ አባ ፎጊ ወፍጮውን ሲያስነሱ ኮምባይኑ በባዶ ቤት ብቻውን ይነሳል። እጇን ለማስታወስ ሞከረች። እንጨቱን ያነሳችበትን ታስታውሳለች፣ ጥፊውን ታስታውሳለች፤ በመካከል ያለው የለም።

«ሲትራ፣ ዶሮ ቤት ሂጂና ቀዩን ቁልፍ…»

በሩ ተከፈተ። «ሁለት ነዋሪ፤ ሃያ ስምንት» አለ በሩ፣ እንደ ልማዱ፣ ለገባው ሰው። ለኪው ከገባ በኋላ ተዘጋና ቀይ መብራት በራበት። ልኬት ሲጀመር በሩ ነዋሪ አያስወጣም።

አቶ ያፌት ይባላል። ከሃምሳ አምስት የማያንስ፣ ጫማውን ደጃፉ ላይ አውልቆ በካልሲ የገባ፣ ጉልበቱን እያሸ የሚራመድ ሰው ነው። «ቅዳሜ ብዬ ነበር» አለ፤ «ቅዳሜ ለቅሶ አለብኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ። ወፍጮ ቤቱ ጋ መንገድ ስጠይቅ ሽማግሌው ደንግጠው ወፍጮአቸውን አጠፉት፤ ሰው አክባሪ ናቸው።»

«ናቸው» አለች ነጃት።

ከጠረጴዛው አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ቦርሳውን ከመክፈቱ በፊት መዳፉን ከመቀመጫው ሥር አስገብቶ ዳበሰው። ነጃት የግድግዳውን ሰዓት አየች። ወፍጮው ከቆመ ስምንት ደቂቃ።

«የማን ሥራ ነው?»

«የእኔ። በእጅ ነው» አለች።

«አባቴ አናጢ ነበሩ። እሳቸው ሲልጉት ከሥሩ ሻካራ ነበር። ‹ከሥር ማን ያያል› ይሉ ነበር።» መዳፉን አወጣ፤ ጣቶቹን አያቸው፤ የዚህ በርጩማ ሥር ግን እንደ ላዩ ለስላሳ ነበር።

ጥያቄዎቹን ከወረቀት ላይ አነበበ። ድምፁ የአውቶቡስ ፌርማታ የሚጠራ ሰው ድምፅ ነበር።

«ባለፉት ስድስት ወራት በቤቱ ውስጥ የወደቀ ሰው አለ?»

«የለም» አለች ሲትራ።

«የተቃጠለ?»

«የለም።»

«የተቆረጠ?»

«የለም።»

«በሌሊት ተነስቶ የተመላለሰ?»

«የለም።»

«ያለቀሰ?»

ሲትራ ወረቀቱን አየች። «ሽንኩርት ሲከተፍ ይቆጠራል?»

«ሽንኩርት አይቆጠርም።» ፈገግ አለ፤ ጻፈ። «አንቺ ነሽ ክሬን የምትነጂው? ከፍታ አትፈሪም?»

«ከላይ ሲታይ ሁሉም ትንሽ ነው።»

«እንደዚህ የምትይ ልጅ ነች የምትፈለገው።» ከቦርሳው ጠፍጣፋ ብርጭቆ ሳህን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሲትራ ሁለት እጇን አሳረፈችበት። ሳህኑ አረንጓዴ ሆነ። ዘጠኝ።

ነጃት ሰዓቱን አየች፤ አስራ ስድስት ደቂቃ። ከነጠላው ሥር ጨርቁ ሞቆ እርጥብ ሆኗል። ከውጭ ከወፍጮ ቤቱ በኩል የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ወረፋ የያዙት መነዝነዝ ጀምረዋል። አንዷ ሴት «ምንድን ነው፣ ጥሬ ይዘን እንደር?» ስትል ቃል በቃል ሰማቻት።

«ወይዘሮ ነጃት፣ እርስዎ።»

«የእሷ እኮ ይታወቃል» አለች ሲትራ በችኮላ። «ሃምሳ ሁለት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሃምሳ ሁለት ነው። መድገሙ ለምንድን ነው?»

«ቁጥራቸውን ለማወቅ አይደለም፤ እጃቸውን ለማየት ነው። ደንቡ ሁለቱንም እጅ ይላል።»

«አሟታል። ትኩሳት አላት።»

«ሳህኑ ትኩሳትን ያውቃል።»

ያን ጊዜ ነው ጠብታዋ የወረደችው። ከነጠላው ጫፍ ወጥታ ሲሚንቶው ላይ አረፈች፤ ከአቶ ያፌት ካልሲ አንድ ስንዝር ርቃ። ትንሽ ነበረች። ሦስቱም አዩዋት።

አቶ ያፌት ቦርሳውን ከጉልበቱ አንስቶ ጠብታዋ ላይ አስቀመጠው። ከኪሱ መሐረብ አወጣ፤ ሳህኑን መጥረግ ጀመረ። ንጹሕ የነበረውን ሳህን ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ ብሎ ጠረገው።

«ሳህኑን ስጠርግ ጊዜ እወስዳለሁ» አለ፣ ቀና ሳይል። «ጉልበቴም እጄም አርጅቷል። እጅዎ ሳህኑ ላይ እስካላረፈ ድረስ እኔ ያየሁት ነገር የለም። ካረፈ በኋላ ግን ልሰርዘው አልችልም፤ እኔ የለኪ ተሸካሚ ነኝ፣ ለኪው ሳህኑ ነው። ሃያ ስምንት ሲደመር አምስት ስንት እንደሆነ ልጅዎ ታውቃለች።»

«ሌላ መንገድ የለም?» አለች ሲትራ።

«ከዚህ ሰፈር በዚህ ወር ሦስት ሰው ወጥቷል» አለ። መሐረቡን አገላብጦ እንደገና ጀመረ።

ነጃት ሰዓቱን አየች። ሃያ ሁለት ደቂቃ። ስለ ብዙ ነገር ማሰብ ይገባት ነበር፤ የምታስበው ግን ስለ ቀዩ ቁልፍ ነው። ወፍጮው ሊነሳ ደርሷል። ኮምባይኑ ከተነሳ ጣት ምንም አይደለም፤ ጆሮ የሌለው ማሽን የተገኘበት ቤት ጭራሽ ቁጥር የለውም። ሲትራ ሰኞ ክሬን ላይ ልትወጣ ቀርቶ ምድጃ አታበራም። በሩ ተዘግቷል። ከዚህ ቤት አሁን ሊወጣ የሚችለው ነዋሪ ያልሆነ ሰው ብቻ ነው።

ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አለች ሲትራ።

«ሐኪም ቤት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ታውቂዋለሽ። እነ ፋጡማ ጋ።»

«አልፈልግም። ይቅርብኝ ክሬኑ። ኡሚ፣ እውነቴን ነው፣ ይቅርብኝ።»

«ቀርቶብሽ ምን ልትሆኚ? ከእኔ ጋር ቁጭ ብለሽ ቀዝቃዛ ምሳ ልትበዪ?»

«አንቺም እኮ ችለሽዋል!»

«አልቻልኩትም። ስላልቻልኩት አይደል እዚህ የደረስኩት» አለች ነጃት። «ጫማዬን እሰሪልኝ፤ በአንድ እጅ አይሆንልኝም።»

ሲትራ ተንበረከከች። ክሩን ስታስር ሁለት ጊዜ ተበላሸባት፤ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሻሹን ሳያመነታ የቀደደ እጅ ነው። ነጃት ጎንበስ ብላ በጆሮዋ ነገረቻት፤ አቶ ያፌት መሐረቡን ሲያራግፍ የማይሰማ መስሎ ዞረ።

«ክረምቱ ሳይገባ ገበታውን ግራሶ ቀቢው፤ ካልተቀባ በአንድ ሳምንት ይዝጋል። ዘንጉን በየሳምንቱ ቺንጋውን አውልቀሽ አንድ ዙር በእጅሽ አዙሪው። ኩሽኔታው እንዳይያዝ።»

«ለቁራሌው እሸጠዋለሁ። ዛሬውኑ።»

«መጀመሪያ ክዳኑን ግጠሚ። ሁለት ብሎን ነው።»

«ዝም በይ፣ በናትሽ።»

«ባለ ስምንት ናቸው። ባለ ስድስት አይገጥምም።»

ሲትራ ቀና አለች። ፊቷ ቀልቷል፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነበር። ማልቀስ ይቆጠራል።

ነጃት በሩ ፊት ቆመች። «እኔ ነጃት ከድር፣ ከዚህ ቤት ወጥቻለሁ።»

«አልተሰማም» አለ በሩ። «ድገሚው።»

ሃያ ስድስት ደቂቃ። ጉሮሮዋን ጠረገች። «ነጃት ከድር። ከዚህ ቤት ወጥቻለሁ።»

«ተሰምቷል። ከውጭ ሲዘጋ ይጸናል።» ቀዩ መብራት ጠፋ፤ በሩ ተከፈተ። ለእሷ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብሎ።

አቶ ያፌት ከበርጩማው ብድግ ብሎ በካልሲው ቆመ፤ ሰው ሲሸኝ እንደሚቆመው። «በሰላም ይሂዱ፣ ወይዘሮ ነጃት» አለ። ሳህኑ በእጁ ነበር፤ ደርቋል።

ወጣች። ፀሐዩ ዓይኗን ወጋት። ዶሮዎቹ እግሯ ሥር መጡ። ዶሮ ቤቱ ከቆመችበት ሃያ እርምጃ ነው፤ ሮጣ ገብታ ቁልፉን ልታየው ትችላለች። ግን በሩን መጀመሪያ መዝጋት አለባት፤ ክፍት እስካለ ድረስ ከዚህ ቤት ነች፣ ጣቷም የዚህ ቤት ጣት ነው። ግራ እጇን እጀታው ላይ አሳረፈች። መንገዱ ጭር ብሏል። ምሰሶው አጥሩን ተሻግሮ ይታያል። በሩ ከባድ ነው፣ ሲዘጋ ይጮኻል። ሰባት ወር ሙሉ በጸጥታ ውስጥ ድምፅ ያለው ነገር ሠርታ አታውቅም። እጇ አልሳበም። ወፍጮውን ይጠብቃል።

በክፍተቱ ውስጥ ሲትራ ትታያታለች። እሷም አንገቷን ወደ ጓሮ አዘንብላ ታዳምጣለች። እሷም ቁልፉን እያሰበች ነው።

ወፍጮው ተነሳ። መጀመሪያ ሞተሩ አጉረመረመ፣ ከዚያ ድንጋዩ ያዘ፤ መሬቱ በጫማዋ በኩል ነዘራት። ነጃት ጆሮዋን ወደ ጓሮ ሰጠች። ከወፍጮው ድምፅ ሥር ያንን ቀጭን ፉጨት ፈለገችው። በዓለም ላይ እንደ እሷ የሚያውቀው ሰው የለም፤ ከመቶ ድምፅ መሃል ትለየዋለች። አስር ቆጠረች። ሃያ ቆጠረች። የለም። ከዶሮ ቤቱ የሚመጣ ምንም የለም።

አጥፍታው ነበር። መቼ እንዳጠፋችው አታስታውስም። እንጨቱን ከማንሳቷ በፊት፣ ወይም ከጥፊው በኋላ፤ እሷ ሳታውቀው እጇ አጥፍቶታል። ያው ቀኝ እጇ፣ ሃምሳ ሁለት የተባለው።

ለሲትራ ራሷን ነቀነቀችላት። በሩንም በግራ እጇ ስባ ዘጋችው።